ጋሼ ሽቦና እትዬ ሃሎ

አባቴን የከተማው ሰው በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ጋሼ ሽቦ» ነበር የሚሉት። አንድም የስልክ መስመር ሠራተኛ ስለሆነ፣ አንድም ቁመቱ ረዝሞ ሥጋ የሚባል ነገር ስላልነበረው። እናቴ ስትቆጣ «አንተ ሽቦ!» ትለዋለች፤ ስትደሰትም እንዲሁ። የቱ እንደሆነ የምንለየው በድምፅዋ ነው።

ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ መሬት መሬቱን አይቼ ሄጄ አላውቅም። ሽቅብ ምሰሶዎቹን እያየሁ፣ ድንጋይ እየመታኝ ነው የምሄደው። ካንዱ ምሰሶ ጫፍ ላይ አባቴ በወፍራም ቀበቶ ታስሮ፣ ቢጫውን የመፈተሻ ስልክ በትከሻውና በጆሮው መሃል ወትፎ ሲያወራ አገኘዋለሁ።

«ሃሎ፣ ጣቢያ? ሠላሳ ሁለትን ስጪኝ። ይሰማሻል? አሁንስ? ኧረ እኔን ምሳ በላህ ወይ አትበይኝ፣ መስመሩን ንገሪኝ!»

ከታች ቆሜ የምሰማው የእሱን ግማሽ ብቻ ነበር። ሌላውን ግማሽ የሚናገሩት የስልክ ጣቢያው ኦፕሬተር ነበሩ፤ ከተማው በሙሉ «እትዬ ሃሎ» ይላቸዋል። ማዞሪያው ፊት ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። ሰው ስልኩን አንስቶ ቁጥር መናገር አያስፈልገውም፣ «ሐኪሙን» ወይም «ልብስ ሰፊውን» ይላል፣ እሳቸው ይሰኩለታል። «ልብስ ሰፊው አሁን ወደ ባንክ ሲሄድ አይቼዋለሁ፣ ከሰዓት ደውል» የሚሉበትም ጊዜ ነበር። አንዳንድ ቀን አባቴ ወደ ጣቢያው ይዞኝ ይሄዳል። የወለል ሰም፣ የሞቀ አቧራና የአሮጌ ወረቀት ሽታው ዛሬም ካፍንጫዬ አልወጣም። እትዬ ሃሎ ማዳመጫውን ከራሳቸው አውርደው ለአንድ አፍታ እኔ ራስ ላይ ያደርጉልኛል። ለትንሽ ጭንቅላቴ ስለሚሰፋ በሁለት እጄ ይዤው፣ ከፍ ባለው ወንበራቸው ላይ፣ እግሬ ወለሉን ሳይነካ እቀመጣለሁ።

ከዚያ ሞባይል መጣ። ሰዉ ባለገመዱን ስልክ ተራ በተራ ተወው፤ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ጣቢያው ተዘጋ። አባቴና እትዬ ሃሎ በአንድ ቀን፣ በአንድ ደብዳቤ ጡረታ ወጡ።

እኔ ተምሬ ትልቁ ከተማ ገባሁና በአንድ የኢንተርኔት ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ሆንኩ። ለእረፍት ወደ ቤት ስሄድ ግን ሥራዬ ያሳፍረኝ ነበር። በእኛ ከተማ ኢንተርኔት ማለት ኮረብታው ላይ ያለው የሞባይል ማማ ነው፤ ዋጋውም እሳት። ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው በገዙት ዳታ አንድ ስልክ ለስምንት ከበው ያነባሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የቁስል ፎቶ ለሐኪም ለመላክ ካርድ የምትሞላው ከራሷ ደመወዝ ነው። እና እግራችን ሥር፣ ከቤት ቤት የሚደርስ መዳብ ተቀብሮ ተኝቷል። ከማማው አንድ ወፍራም መስመር አምጥቶ የድሮው ጣቢያ ውስጥ አንድ መሣሪያ ማቆም፣ ከዚያ በነበረው ሽቦ ለየቤቱ ማከፋፈል ይቻላል። አዲስ ምሰሶ የለ፣ አዲስ ቁፋሮ የለ። ወጪው ትንሽ ስለሚሆን ዋጋውም ይወርዳል።

ይህንን ለአለቃዬ ስነግረው አልሳቀብኝም፣ ግን አልተደሰተም።

«ያ መዳብ ተቆፍሮ እንዲሸጥ ተወስኗል» አለኝ። «ሦስት ወር እሰጥሻለሁ። ከሁለት መቶው ጥንድ ሽቦ መቶው ደህና ሆኖ ከተገኘ እንሞክረዋለን። ካልተገኘ ይሸጣል። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ የትኛው ሽቦ ወደ የትኛው ቤት እንደሚሄድ የሚያሳየው መዝገብ ጠፍቷል። ለአሥራ አንድ ዓመት ውሃ የጠጣ ኬብል ነው፤ ብዙ ተስፋ አታድርጊ።»

ቤት ደርሼ ቁርስ ላይ ነገርኳቸው። አባቴ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«መቶ ነው ያለው?»

«መቶ።»

«ጫማሽን ቀይሪ፤ እንውጣ» አለኝ፣ ሻዩን ሳይጨርስ።

እናቴ ሳህኑን እያነሳች «ሂጂ ልጄ፣ አባትሽ ይምራሽ» አለች። «በየቅዳሜው የሚሄድበትን መንገድ እሱ ያውቀዋል።»

ነገሩ ገብቶኛል። አባቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርሱን በልቶ አንድ ቦርሳ አንጠልጥሎ ይወጣል። የት ሄድክ ሲባል «ልናፈስ» ነው መልሱ። ሲመለስ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እናቴ አንድ ቅዳሜ እትዬ ሃሎ ከሚኖሩበት ቅያስ ሲወጣ አየችው። እትዬ ሃሎ ደግሞ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአባቴ ጋር በጆሮ ሲያወሩ ኖረዋል። ለእናቴ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሃሎን መንገድ ላይ ስታይ ወደ ማዶ ትሻገራለች። የልብ ጓደኛዋ የነበሩትን ሴት! አባቴን ስትጠይቀው «ተይ እባክሽ» አላት። እሱ ዝም፣ እሷ ዝም፣ እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

የመጀመሪያው የኬብል ጉድጓድ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው። ክዳኑን በብረት ፈንቅለን ስናነሳ ጭቃና አይጥ ጠብቄ አፍንጫዬን ይዤ ነበር። ደረቅ ነው። ኬብሎቹ በግድግዳው ላይ ተደርድረው ታስረዋል፣ ወለሉ ተጠርጓል። መለኪያዬን ሰካሁ። ያየሁትን ማመን አቅቶኝ ነቅዬ እንደገና ሰካሁ።

«አባዬ፣ ይሄ እንዴት ሳይበሰብስ ቀረ?»

«የድሮ ዕቃ ነው» አለኝ ፊቱን አዙሮ። «የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው።»

ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ነበሩ። በአራተኛው ቀን እናቴ ምሳችንን በሳህን ይዛ መጣች። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ነኝ፣ አባቴ ከላይ መብራት ይዞልኛል። ጎንበስ ብላ አየች፣ ከዚያ ቀና አላለችም።

«ያ ምንድን ነው?»

«ኬብል የተቀጠለበት ነው፣ እማዬ። ውሃ እንዳይገባበት ተጠቅልሎ...»

«የተጠቀለለበትን ነው የምልሽ!»

መብራቱን አስጠጋሁ። ሰም የጠጣ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ነጫጭ አበባ ያለበት።

«ጃንጥላዬ!» ብላ ጮኸች። «ጃንጥላዬ ነው! ስድስት ዓመት የፈለግኩት! ሰርቃኛለች ብዬ ሠራተኛ ያባረርኩበት!»

አባቴ መብራቱን ወደ ሌላ አዞረ። እውነት መሸሸጊያ አጥታ ስትወጣ የሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን ያን ቀን አየሁ።

«ጥሩ ጨርቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ውሃ አያስገባም።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ጣቢያው የተዘጋ ዓመት ከባድ ዝናብ ዘነበ። ጎርፉ ወደ ጉድጓዶቹ ሲገባ አየ። ለማዘጋጃ ቤቱ ሄዶ ቢናገር «የሞተ ስልክ ምን ያደርግልሃል?» አሉት። በማግስቱ ባልዲ ይዞ ወጣ። ከዚያ በየቅዳሜው አንድ ጉድጓድ ይከፍታል፣ ውሃውን ይቀዳል፣ መገጣጠሚያውን በቀለጠ ሻማና ባገኘው ጨርቅ ያሽጋል። ከጫፍ ጫፍ አዳርሶ ሲጨርስ የመጀመሪያው እንደገና ውሃ ይዞ ይጠብቀዋል።

«ምን ይሠራልኛል ብለህ?» አለች እናቴ።

«እንጃ። ሃያ ስምንት ዓመት በእጄ የያዝኩት ነው። ሲበሰብስ እያየሁ ማለፍ አቃተኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«ምን ብዬ? ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ ለሞተ ስልክ ሻማ ያቀልጣል ብለሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ነዋ።»

«አንተ ሽቦ!» አለች፤ ያን ጊዜ ግን የቱ ድምፅዋ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። «አሥራ አንድ ዓመት ውሽማ አለው ብዬ ከማለቅስ፣ አንድ ቀን ብስቅብህ አይሻልም ነበር?»

«ውሽማ?» አባቴ ክው አለ። «እኔ? ማንን?»

«እሷን ነዋ! ከቅያሷ ስትወጣ በዓይኔ አይቼሃለሁ!»

«ሰባተኛው ጉድጓድ እኮ በሯ ላይ ነው!»

እናቴ ሳህኑን አስቀምጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ አላልቅ ብሎ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች፤ ቆይቶ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ እንዳልሆነ ገባኝ። «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ» ትላለች ደጋግማ። «ያቺን የመሰለች ሴት!»

ሽቦው ደህና መሆኑን አወቅን። ችግሩ የትኛው ጫፍ የማን ቤት እንደሆነ ነው። አባቴ መገጣጠሚያውን ሁሉ ያውቃል፣ ቁጥሮቹን ግን አያውቅም። «ቁጥሩን የምታውቀው እሷ ነች» አለ፣ ስማቸውን መጥራት እየፈራ። እናቴ ቀሚሷን ቀይራ መጣች። «እኔ ነኝ የምሄደው» አለች። «አንቺ ልጅ፣ ተከተይኝ። ካባረረችኝ ምስክር ይኑረኝ።»

እትዬ ሃሎ በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ሁለት ሴቶች መቆማችንን እንጂ ማን እንደሆንን አላዩም። እናቴ «እንደምን ዋልሽ?» ከማለቷ ፊታቸው ተለወጠ። ያ ጆሮ ድምፅ አይረሳም።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «የመንገዱ ማዶ ጠፋሽ እንዴ? ተሳስተሽ ወደ እኔ በኩል መጣሽ?»

«ልትሰድቢኝ መብትሽ ነው» አለች እናቴ። «አጥፍቻለሁ። ክፉ ነገር አስቤብሻለሁ።»

«ያሰብሽውን ሰምቻለሁ። በዚህ ከተማ እኔ ያልሰማሁት ምን አለ?»

«ታዲያ ለምን ሐሰት ነው አላልሽኝም?»

«ለማን ልበል? ሳይሽ ትሻገሪያለሽ፤ ስልኩ ተቆርጧል።» ፊታቸውን ወደ እናቴ ድምፅ አዞሩና፣ «ባሌ ሲታመም ሌሊቱን ሙሉ አብረሽኝ የቆየሽው አንቺ ነበርሽ» አሉ። «የእሱ በሽታ እንኳ እንዲህ አልጎዳኝም፤ የጎዳኝ ያንቺ ነገር ነው።»

እናቴ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች። እኔ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። ብዙ ቆይተው እትዬ ሃሎ «ተነሺ እንግዲህ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል» አሉ። የመጣንበትን ስነግራቸው ደግሞ ቀና አሉ። «ቁጥሩ እዚህ አለ» ብለው ግንባራቸውን ነኩ። «ግን መጻፍ አልችልም። ይህቺ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። አሥራ አንድ ዓመት ያልተወራ ወሬም አለብኝ፤ እሱንም ትሰማለች።»

እንዲህ ሆኖ የድሮው ጣቢያ ተከፈተ። በሩን ስንገፋው አቧራው እንጂ ክፍሉ እንደነበረ ነው፤ ማዞሪያው፣ ከፍ ያለው ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የቆመው ሰዓት። እትዬ ሃሎ በእጃቸው እየዳበሱ ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እናቴ ጎናቸው ደብተር ይዛ። እኔ ባትሪ አገናኘሁላቸው። አባቴ ቢጫውን ስልክ ይዞ ከተማው ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ወደ ተገኘው ቤት ሄዶ ሽቦው ላይ ሰክቶ ደወለ።

«ሃሎ፣ ጣቢያ?»

 እትዬ ሃሎ ማዞሪያው ላይ የወደቀችውን የጥሪ ምልክት በጣታቸው ዳብሰው ሰኩ።

«ጣቢያ ነው» አሉ። «ምሳ በላህ?»

«ኧረ መስመሩን ንገሪኝ!»

«የገባኸው በአሥራ ስምንት ነው። አሥራ ስምንት የአናጢው ቤት ነበር። እንደ ሳል ያለ ድምፅ አለው መስመሩ፣ ያኔም ነበረው። ጻፊ አንቺ፣ አሥራ ስምንት።»

ሁለት ወር እንዲህ ሠራን። እትዬ ሃሎ ቁጥሩን ብቻ አይደለም የሚናገሩት፤ የቤቱን ታሪክ ነው። ማን ከማን ተጣልቶ በስልክ እንደታረቀ፣ የትኛዋ ሙሽራ በየቀኑ እናቷ ጋ ደውላ ምንም ሳትናገር ታለቅስ እንደነበር። እናቴ ቁጥሩን ትጽፍና እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትሰማለች። አንዳንዱ ቤት ፈርሷል፣ አንዳንዱ ባለቤቱ ሞቷል። ስልሳ አንድ ላይ ስንደርስ አባቴ በሩን ቢያንኳኳ ማንም አልከፈተለትም፤ እትዬ ሃሎ የማዞሪያውን እጀታ አዙረው ጥሪ ላኩ። ስልሳ አንድ የአንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት ነው። ሴትዮዋ ስልካቸውን ከነጥልፍ ጨርቁ ሳሎን አስቀምጠው በየሳምንቱ አቧራውን ሲያራግፉለት ኖረዋል። አባቴ በራቸው ላይ ቆሞ ነበርና አይቷል። ስልኩ ሲጮህ ሴትዮዋ በባዶ እግራቸው ወደ ውጭ ሮጡ፤ ተመልሰው ገቡና አነሱት። «ማነው?» አሉ። እትዬ ሃሎ «እኔ ነኝ፣ ጣቢያ ነው» ሲሏቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የት ጠፍታችሁ ነው?»

ጊዜው ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው እስከ ጫፉ ደህና የሆነውን ቆጠርን፤ ከቤት ጋር ፈርሶ የተቆረጠው ብዙ ነበር። ዘጠና አራት። ስድስት ጎደለ። ሁሉንም ጉድጓድ ጨርሰናል። አባቴ ወገቡን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ያን ቀን ነው ማርጀቱን ያየሁት።

እናቴ ደብተሩን ታገላብጣለች። ድንገት «ዳሶቹስ?» አለች።

«የምን ዳስ?»

«ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የነበሩት የስልክ ዳሶች! አሥር ነበሩ እኮ። ሳንቲሜ ተቀርቅሮብኝ ዳሱን በጡጫ ስመታ፣ መጥተህ "ቀስ በይ፣ አይታመምም ብለሽ ነው?" ያልከኝ የት ነበር? እኔን ያገኘህበትን ቦታ ረሳኸው?»

አባቴ ከደረጃው ተነሳ። ዳሶቹ ከፈረሱ ዘመን አልፏል፣ ሲኒማ ቤቱም የፋርማሲ መጋዘን ሆኗል። ሽቦዎቹ ግን ከግድግዳው ሥር፣ በአንድ ዝገት በበላው ሣጥን ውስጥ ተቆርጠው ተኝተው ነበር። አሥር ጥንድ። ስምንቱ ደህና። መቶ ሁለት!

አለቃዬ ቃሉን ጠበቀ። ከሁለት ወር በኋላ መሣሪያው ተተከለ፤ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያ ቤት ለቤት። ፈጣን ነው አልልም፤ ዝናብ ሲመጣ ይንቀራፈፋል። ግን ስምንቱ ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት ዳታ ያዋጡት የነበረው አሁን ለአንድ ቤት ወር ይበቃል። ነርሷ የአንዲት ሕፃን እግር ፎቶ ልካ፣ ሐኪሙ «ዛሬውኑ ላኪያት» ብሎ ሲመልስላት ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም ነበር። የልጅቷ እግር ተረፈ።

አባቴ ግን ቅር ያለው ነገር ነበር። ሽቦው ላይ ቢጫውን ስልክ ሰክቶ ያዳምጣል፣ ምንም የለም።

«ሰዉ ሁሉ እያወራበት ነው ትይኛለሽ፣ ምነው ዝም አለ? ድምፅ የለውም?»

ሽቦ መፈለጊያ መሣሪያዬን አውጥቼ ጫፉን ኬብሉ ላይ አስጠጋሁለት። ከትንሿ ድምፅ ማጉያ እሽሽሽ የሚል ድምፅ ወጣ። ጆሮውን አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሁሉም ነው ይሄ?» አለኝ።

«ሁሉም ነው፣ አባዬ። ተማሪዎቹም፣ ነርሷም።»

«ማንንም መለየት አልቻልኩም» አለ። አዝኖ አልነበረም። «ግን ብዙ ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። እግሩ ሲደክም ሰዎች መስመር ዘገየብን እያሉ ቤት ድረስ ይመጡበት ነበር፤ በተኛበት ሆኖ የትኛው ጉድጓድ እንደሚከፈት ይነግራቸዋል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። በቀብሩ ቀን እናቴን በአንድ በኩል የደገፍኳት እኔ ነኝ፤ በሌላ በኩል የደገፏት እትዬ ሃሎ ነበሩ፤ እሳቸው ሳያዩ፣ እሷ እያለቀሰች፣ ማን ማንን እንደሚመራ አይታወቅም።

ባለፈው ዓመት ድርጅቱ ፋይበር የሚሉትን የመስታወት ክር ዘረጋ። አዲስ ቁፋሮ አላስፈለገም፤ ክሩ አባቴ ሲጠብቃቸው ኖሮ ባልተደፈኑት የድሮ ቱቦዎች ውስጥ ተስቦ በሦስት ሳምንት አለቀ። መዳቡን ማጥፋት ያለበት ሰው እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ሰው እንዲልኩ መጠየቅ እችል ነበር፣ አልጠየቅኩም። ጣቢያው ውስጥ ቆሜ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። አንድ ደቂቃም አልፈጀ። የመሣሪያው ማራገቢያ ቀስ እያለ ቆመ፤ ክፍሉ ውስጥ ከውጭ የሚገባው የመንገዱ ጫጫታ ብቻ ቀረ። አብሮኝ የመጣው ቴክኒሻን ዕቃውን ሰብስቦ «እንቆልፈው?» አለኝ።

«አንተ ውጣ፣ እኔ እመጣለሁ» አልኩት። ከፍ ባለው ወንበር ላይ ወጥቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። እግሬ ወለሉን ይነካል።